«ዝም ብለህ እመን» ያልነው ወንድም

በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ጌታ ያደረገልንን ስንመሰክር ቆይተናል። ዛሬ ግን የበደልነውን እንናገራለን። ስንጽፈው አፍረናል፤ ሆኖም ከእኛ ስሕተት አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ ቤተሰብ ቢማር ማፈራችን ከንቱ አይሆንም ብለን ነው።

እኛ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በአንዲት እናታችን ቤት ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ የምናጠና ወደ አሥራ ሁለት የምንሆን ሰዎች ነን። ከመካከላችን ነጋዴ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሾፌር አለ፣ ጡረተኛ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በመካከላችን ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ያደገ፣ ከመዘምራኑ ጋር የሚያገለግል ትሑት ልጅ ነው። በዚያ ሴሚስተር ሎጂክ ይማር ነበር። አንድ ሐሙስ ደብተሩን ይዞ መጣና ጥናቱ ሲያልቅ እጁን አወጣ።

«መምህራችን አንድ ነገር ራሱን ከተቃረነ ሐሰት ነው ብለውናል። እኛ ደግሞ እግዚአብሔር አንድ ነው፣ ሦስት ነው እንላለን። ይህ ተቃርኖ አይደለም ወይ?» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ማናችንም መልሱን አናውቅም ነበር። አለማወቃችንን መናገር ግን ከበደን። ከመካከላችን አንዱ «ይህ ጥያቄ ከማን እንደሚመጣ ታውቃለህ? ሔዋንንም የጣላት በጥያቄ ነው» አለው። ሌላዋ «ወንድሜ፣ ዝም ብለህ እመን፤ እምነት በጭንቅላት አይደለም» አለችው። ከዚያም እጃችንን ጭነን የጥርጣሬን መንፈስ ገሠጽን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተጸለየለት። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባሉትም አልመጣም። እኛም «ዓለም ወሰደችው» ተባባልን።

የምንሰበሰብበት ቤት አባወራ ከእኛ ጋር አይቀመጡም ነበር። ጋሼ እንላቸዋለን። በደርግ ዘመን ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት በሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ኪየቭ ፍልስፍና ተምረው መጥተው ዲያሌክቲካዊ ማቴሪያሊዝም ያስተምሩ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ትምህርቱም ቀረ። ባለቤታቸው፣ ያቺ እናታችን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ እርሳቸው ጸልያለች። እርሳቸው ግን እኛ ስንዘምር በረንዳው ላይ ጋዜጣቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ክፉ ቃል ተናግረውን አያውቁም፤ ገብተውም አያውቁም።

ልጁ ከጠፋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልንወጣ ስንል ከበረንዳው ጠሩን። «ልጆች፣ ያ ተማሪ የት ደረሰ?» አሉ። የምንለውን ስናጣ ጋዜጣቸውን አጠፉና እንዲህ አሉን፦ «በመስኮቱ ሰምቻችኋለሁ። እኔም ኪየቭ ሳለሁ ስለ አንድ ነገር መምህሬን ጠየቅሁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠላት መሣሪያ ነው አሉኝ። እናንተና የእኔ መምህራን ስለ እግዚአብሔር አትስማሙም፤ ስለ ጥያቄ ግን አንድ ናችሁ።»

ያን ምሽት ማናችንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

በሚቀጥለው ሳምንት እናታችንን ይዘን ሄደን ጋሼን ለመንናቸው። «እርስዎ ሎጂክ ተምረዋል፤ ያስረዱን» አልናቸው። ሳቁብን። ግን ከአልጋቸው ሥር አንድ አሮጌ ሻንጣ ጎትተው አወጡ። ውስጡ የሩስያ ቋንቋ መጻሕፍት ነበሩ። በተማሪነታቸው ጊዜ ያልተሰጧቸው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እገዳው ሲላላ እንደገና መታተም የጀመሩ፣ የቀድሞ የትምህርት ጓደኞቻቸው የላኩላቸው መጻሕፍት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የሩስያና የዩክሬን ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የማያምን ሰው ስለሚያምኑ ፈላስፎች ሊያስተምረን ተቀመጠ። ለአሥር ሐሙሶች ተማርን።

መጀመሪያ ያስረዱን የልጁን ጥያቄ ነው። «አርስቶትል የተቃርኖን ሕግ ሲያስቀምጥ አንድ ነገር በአንድ ጊዜና በአንድ አንጻር ሊሆንም ላይሆንም አይችልም ነው ያለው። 'በአንድ አንጻር' የሚለውን አትርሱ። የእናንተ ትምህርት በባሕርይ አንድ፣ በአካል ሦስት ይላል። አንድ አካልም ሦስት አካልም ነው ብትሉ ኖሮ ልጁ ረትቷችኋል። እንደዚያ ግን አላላችሁም። ምሥጢር ልትሉት ትችላላችሁ፤ ተቃርኖ ግን አልነበረም። ይህንን እናንተ ልትነግሩት ይገባ ነበር» አሉ። እኛ በየእሑዱ የምንመሰክረውን እምነት በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰው አብራራልን። ወገኖች፣ ያፈርነው ማፈር በቃል አይገለጽም።

ከዚያ ስለ ካዛን ከተማ ነገሩን። በ1826 ሎባቼቭስኪ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ከዩክሊድ የተለየ ጂኦሜትሪ ያቀረበባት ከተማ ናት። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1910 ኒኮላይ ቫሲሊዬቭ የተባለ፣ ሕክምናም የተማረ ሰው፣ ከሎባቼቭስኪ ምሳሌ ተነሥቶ «ምናባዊ ሎጂክ» የሚባል ሐሳብ አመጣ። የተቃርኖ ሕግ የማይሠራበት ዓለም ቢታሰብስ ብሎ ጠየቀ። በዘመኑ ብዙ ሰው አልተከተለውም፤ በ1940 አረፈ፤ ሥራው ተገቢውን ትኩረት ያገኘው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ያስገረመን ግን አንድ ነጥብ ነው። ቫሲሊዬቭ ስለ ነገሮች የሚነገረውን ሕግ ሊለውጥ ቢሞክርም፣ አሳቢው ራሱን እንዳይቃረን የሚያዘውን ሕግ አልነካም። አንድን ፍርድ እውነትም ሐሰትም ነው ማለት አይቻልም ብሎ ጸና። ጋሼ «ጥያቄው የቱንም ያህል ቢርቅ ጠያቂው ታማኝ መሆን አለበት» ብለው አጠቃለሉልን። እኛ ግን ጥያቄውን ፈርተን ታማኝነታችንን ጣልን፤ የማናውቀውን እንደምናውቅ ሆነን ታየን።

በሦስተኛው ሐሙስ ስለ ፓቬል ፍሎሬንስኪ ተማርን። በ1882 ተወልዶ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንቶ በ1904 ተመረቀ። የሒሳብን መንገድ ትቶ ወደ ሥነ መለኮት ትምህርት ገባ፤ በ1911 የኦርቶዶክስ ካህን ሆነ። በ1914 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከ1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥15 ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የእውነት ዓምድና መሠረት ተብላ ከተጠራችበት ቦታ። መጽሐፉ ለወዳጅ በተጻፉ ደብዳቤዎች መልክ የተሠራ ሲሆን በውስጡ የሎጂክ ምልክቶችና የሒሳብ ማብራሪያዎች አሉበት። እርሱ ከጋሼ ማብራሪያ አልፎ ይሄዳል፤ ኃጢአት የሰነጠቀው የሰው አእምሮ የእግዚአብሔርን እውነት ሲያይ እርስ በርሱ የሚጋጭ መስሎ ይታየዋል ይላል።

ከአብዮቱ በኋላ ቀሚሱን ሳያወልቅ በሶቪየት መሥሪያ ቤቶች በኤሌክትሪክ ምርምር ሠራ። በ1933 ታስሮ አሥር ዓመት ተፈረደበት። በነጭ ባሕር ላይ በምትገኘው በሶሎቭኪ እስር ቤት ሳለ ከባሕር አረም አዮዲን በማውጣት ሥራ ላይ ተሠማርቶ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1937 በጥይት ተገደለ። ቤተሰቡ ግን በ1943 እንደሞተ የሚገልጽ የሐሰት የሞት ወረቀት ነው የተሰጣቸው።

እኛ ይህ ካህን የጻፈውን ሁሉ አንቀበልም። ስለ መለኮታዊት ጥበብ ያስተማረው በራሱ ቤተ ክርስቲያን ዘንድም ክርክር አስነሥቷል፤ ቃሉ ከሚለው አልፏል ብለን እናምናለን። ነገር ግን አንድ ነገር ልባችንን ወጋው። እርሱ ከሒሳብ ጠረጴዛ ተነሥቶ የእውነትን ዓምድ ፍለጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጣ። የእኛም ተማሪ ሊደገፍ ወደ ዓምዱ መጥቶ ነበር፤ እኛ ገፋነው።

አራተኛው ሐሙስ የመርከቡ ታሪክ ነው። በ1922 መገባደጃ የሌኒን መንግሥት የማይስማሙትን አሳቢዎች በመርከብ ጭኖ ከአገር አባረረ። በመስከረም መጨረሻ ከፔትሮግራድ ተነሥታ ወደ ጀርመን በሄደችው መርከብ ላይ በኪየቭ አካባቢ የተወለደው ኒኮላይ ቤርድያዬቭና ሴምዮን ፍራንክ ነበሩበት። ፍራንክ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በ1912 የተጠመቀ ሰው ነው። ከሩስያ በኮሚኒስቶች ተባረረ፤ ኋላም በናዚዎች ምክንያት ከጀርመን ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ፤ በ1950 ለንደን ውስጥ አረፈ። በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እግዚአብሔር በሐሳባችን ክፈፍ ውስጥ እንደማይያዝ፣ ይህንንም ማወቅ ራሱ ጥልቅ እውቀት እንደሆነ ጽፏል። እኛ «ምሥጢር ነው» ብለን ጥያቄን እንዘጋበታለን። ፍራንክ ግን ምሥጢር ያለበት ቦታ ለመድረስ አእምሮውን እስከ መጨረሻው አስከትሎ ሄዷል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ።

«እምነት በጭንቅላት አይደለም» ያለችው እህታችን በዚህ ጊዜ ተነሥታ «ታዲያ ልብ ምን ሊሆን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ ፈገግ ብለው ስለ ፓምፊል ዩርኬቪች ነገሯት። ዩርኬቪች ዩክሬናዊ ነው፤ በ1826 ተወልዶ በኪየቭ የመንፈሳዊ ትምህርት አካዳሚ ያስተምር ነበር። በ1860 መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ልብ የሚናገረውን መርምሮ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በቅዱሳት መጻሕፍት ልብ የስሜት ቤት ብቻ እንዳልሆነ አሳየ፤ ሰው በልቡ ያስባል፣ ያውቃል፣ ይወስናል፣ ይጸልያል። አእምሮን እንደ ጫፍ፣ ልብን እንደ ሥር ተመለከተው። ሥር የሌለው ጫፍ ይደርቃል፤ ሥር አለኝ ብሎ ግን ጫፉን የሚቆርጥ ገበሬ የለም። ሰው ቁስ ብቻ ነው ይሉ የነበሩትን ስለተቃወመ የዘመኑ ጋዜጠኞች ተሳለቁበት። በኋላ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ግን ከተማሪዎቹ አንዱ ቭላዲሚር ሶሎቭዮቭ ነበር፤ ከሩስያ ታላላቅ ክርስቲያን ፈላስፎች የሚቆጠረው።

እህታችን ምሳሌ 4፥23ን ገለጠች። ቀጥላም ማቴዎስ 22፥37ን አነበበች። ጌታ ስንወደው በልባችንም በነፍሳችንም በአሳባችንም እንድንወደው ነው ያዘዘው። ለዓመታት ከሦስቱ አንዱን ዘለን አንብበነዋል።

በሌላ ሐሙስ ጋሼ ስለ ሰርጌይ ቡልጋኮቭ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለወጠ። ቡልጋኮቭ በ1871 ከካህን ቤት ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ለጥያቄዎቹ የሚያረካ መልስ ስላላገኘ እምነቱን ተወ። ማርክሲስት ሆነ። የኢኮኖሚ ሊቅ ሆኖ ከ1901 ጀምሮ በኪየቭ ፖሊቴክኒክ አስተማረ። እዚያ እያለ ነበር ከማርክሲዝም እየራቀ ወደ አባቶቹ አምላክ መመለስ የጀመረው። በ1918 ካህን ሆነ፤ እርሱም በ1922 መጨረሻ ከአገር ተባረረ፤ በፓሪስ ሥነ መለኮት እያስተማረ ኖሮ በ1944 አረፈ።

ጋሼ መጽሐፉን ዘጉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኔም የቄስ ልጅ ነኝ» አሉ። አናውቅም ነበር። ባለቤታቸው ታውቃለች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እርሳቸውም ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። አንዳንድ ጊዜ ዝም ማለትም ማክበር ነው።

በማግስቱ አርብ ሦስታችን ልጁን ፍለጋ ወደ ግቢው ሄድን። ዶርሙ አጠገብ አገኘነው። ሲያየን ሊርቅ ፈለገ። «መልስ ይዛችሁ መጥታችሁ ነው?» አለን። «መልስም ይዘናል፤ ከመልሱ በፊት ግን ይቅርታ ልንጠይቅህ ነው የመጣነው። አላወቅንም ነበር፤ አለማወቃችንን ልንነግርህ ሲገባን አሳፈርንህ» አልነው።

ልጁ ቆሞ መሬት መሬት አየ። ከዚያ የነገረንን እስከ ዛሬ አንረሳውም። «እኔ ለመካድ ብዬ አልጠየቅሁም። የዶርም ጓደኛዬ ሙስሊም ነው፤ በቅንነት ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። 'ቆይ፣ ታላላቆቼን ጠይቄ እነግርሃለሁ' አልኩት። ሐሙስን የጠበቅሁት ለዚያ ነበር። ከእናንተ ዘንድ ምን ይዤ ልመለስ? ጋኔን አለብህ ተባልኩ ልበለው?»

ወገኖች፣ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 በውስጣችን ስላለው ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነትና በፍርሃት መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጀን እንድንሆን ያዘናል። ልጁ ያንን ቃል እየፈጸመ ነበር። እኛ ግን ምስክርነቱን አፉ ላይ እንዳለ ዘጋነው። የጥርጣሬ መንፈስ ብለን የገሠጽነው የወንጌል ቅንዓት ነበር። በዚያ አርብ በግቢው ሣር ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን፤ አብረን ጸለይን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ኅብረቱ ተመለሰ። ዛሬም ጥያቄ ይጠይቃል፤ ለሁሉም መልስ የለንም። «አናውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለትን ግን ተምረናል።

የመጨረሻው ሐሙስ ስለ ስኮቮሮዳ ነበር። ህሪሆሪ ስኮቮሮዳ ከ1722 እስከ 1794 የኖረ ዩክሬናዊ ፈላስፋ ነው። በኪየቭ አካዳሚ ተማረ፤ በካርኪቭ አስተማረ፤ ኋላ ሹመትን ሁሉ ትቶ በእግሩ ከመንደር መንደር እየዞረ የሚያስተምር መንገደኛ ሆነ። ሦስት ዓለማት አሉ ይል ነበር፦ ታላቁ ፍጥረት፣ ታናሹ ዓለም ሰው፣ ሦስተኛውም መጽሐፍ ቅዱስ። በመቃብሩ ላይ ዓለም ሊያጠምደው እንደሞከረና እንዳልያዘው እንዲጻፍ አዘዘ። ጋሼ በተማሪነታቸው በሐውልቱ አጠገብ ያልፉ ነበር። በትምህርት ቤት የነገሯቸው ግን ባለሥልጣናትን የነቀፈ የሕዝብ ሰው መሆኑን ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር መኖሩን አልነገሯቸውም።

ዛሬ ምስሉ በዩክሬን የ500 ህሪቭንያ ገንዘብ ላይ አለ። በግንቦት 2022 ግን ባረፈበት መንደር ያለው ሙዚየሙ በሩስያ ሚሳይል ተመቶ ተቃጠለ። በፍርስራሹ ውስጥ ሐውልቱ ቆሞ ታየ። ጋሼ ያን ዜና በቴሌቪዥን ሲያዩ ከጎናቸው የነበረችው ባለቤታቸው፣ «እንደዚያ ቀን አንገቱን ደፍቶ አላየሁትም» አለችን። የትምህርት ጓደኞቻቸው በሁለቱም አገር አሉ። እኛም ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች በስም እንጸልያለን፤ ልጆቻቸውን ስላጡ እናቶች፣ ቤታቸው ስለፈረሰባቸው፣ በዚያ ስላሉ ወንጌላውያን ወንድሞችና እህቶችም። አንድ የዩክሬን መምህር ለአንድ የሩስያ ተማሪ የልብን ነገር ያስተማረበት ታሪክ ያላቸው ሕዝቦች ናቸው።

ለቤተ ክርስቲያን መሪዎችና ለወላጆች የምንለው ይህ ነው፦ ልጆቻችሁ ሲጠይቁ አትደንግጡ። የቤርያ ሰዎች የተመሰገኑት መጻሕፍትን በመመርመራቸው ነው፤ ጌታም ቶማስን ከደቀ መዛሙርቱ መካከል አላስወጣውም። ጥያቄ ይዛችሁ ከቤተ ክርስቲያን ለራቃችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ ስለ በደልናችሁ ይቅር በሉን እንላለን። እኛ ያሳፈርናችሁ እንጂ እርሱ አላሳፈራችሁም። ጌታን እየፈለጋችሁ ያላችሁ ወዳጆች፣ ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ። በኢሳይያስ 1፥18 ኑና እንዋቀስ የሚለው እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ከጥያቄያችሁ አይሸሽም።

ጋሼስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። አመኑ ብለን ልንጽፍ ብንወድም እርሳቸው ያላሉትን አንልም። ከእነዚያ አሥር ሐሙሶች በኋላ ግን ወንበራቸው ከበረንዳው ወደ ሳሎን ገብቷል፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከተማሪው ጎን። ስንጸልይ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። እናታችን «ሠላሳ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ አሁን ሦስት እርምጃ ነው የቀረው» ትላለች። እባካችሁ ከእኛ ጋር ጸልዩላቸው።

ጌታ ሆይ፣ በፍጹም ልባችን፣ በፍጹም ነፍሳችን፣ በፍጹም አሳባችንም እንወድህ ዘንድ አስተምረን። ወደ አንተ ሊደገፍ የሚመጣውን የምንገፋ አታድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።